ዎክማን በበርሜል

አንዳንድ ሰው ዎክማን የሚገዛው ብቻውን ሊያዳምጥ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እርስዎ ምን ይሉታል? እኔ ስስታም እለዋለሁ። ጎረቤቴ ሰይድ ግን ከዚህ ወገን አልነበረም። ገርጂ አንድ ግቢ ተከራይተን ስንኖር፣ ዎክማኗን ከገዛ ጀምሮ ጭንቀቱ ሁሉ ግቢው በሙሉ እንዴት ይስማት የሚል ነበር።

መጀመሪያ ማዳመጫዋን ብርጭቆ ውስጥ ከተታት፤ እንደ ትንኝ ጮኸች። ወደ ጆግ አዛወራት፤ ንብ ሆነች። ባልዲ ውስጥ ስትገባ ዘፋኙ ወንድ ይሁን ሴት መለየት ጀመርን። ይህ ሳይንስ ካልሆነ ታዲያ ሳይንስ ምንድን ነው?

አንድ እሁድ፣ ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ፣ የአከራያችን የእትዬ አስካለ በርሜል ባዶውን ቆሞ አየና ዓይኑ በራ። ማዳመጫዋን በገመዷ ወደ ውስጥ አንጠለጠላት። ወዳጄ፣ የወሎ ዘፈን ከበርሜል ሲወጣ ሰምተው ያውቃሉ? ግቢው በእስክስታ ተናጠ። ውሃ እንዲመጣላቸው ለቦሌ መድኃኔዓለም ሻማ የተሳሉት እትዬ አስካለ እንኳ ነጠላቸውን አሸርጠው ገቡበት።

በመሀል፣ ውሃ ሲመጣ በርሜሉን እንዲሞላ ተከፍቶ የተተወው ቧንቧ ትፍ ትፍ ማለት ጀመረ።

«ውሃ መጣ!» አለ አንዱ ተከራይ።

«ወይኔ ማዳመጫዬ!» ብሎ ሰይድ ሮጠ።

እትዬ አስካለ ግን ትከሻቸውን ሳያቆሙ ጮኹ፦

«ቧንቧውን ዝጉት! መጀመሪያ ይሄ ዘፈን ይጨረስ!»