ሰማዩ ጠርቶ ሳለ የሞላ ባሕር

የበደለችኝ የአክስቴ ልጅ ትርንጎ ናት፤ የተበደልኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ ሰው የማን ወገን ሆኖ እንደሚሰማ ቶሎ ካልተነገረው ለሳቁ ስለሚያደላ ነው። በእኔ ደግሞ እስካሁን የተሳቀው ይበቃል።

አገር ማሳየት የራሱ አመል አለው። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ እንግዳ ሲመጣባችሁ የምታሳዩት ከተማውን አይደለም፤ በከተማው ውስጥ እናንተ የደረሳችሁበትን ነው። ትርንጎ ጅቡቲ ከገባች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ትራንዚተር ነው፤ የሰው ዕቃ ከወደብ እያስለቀቀ ይኖራል። እኔ ከመካነ ሰላም ደሴ፣ ከደሴ የአፋርን በረሃ አቋርጬ፣ አጥንቴ በመንገዱ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ስደርስ፣ ለጉብኝት የነበረኝ ሦስት ቀን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቀን በትርንጎ ሶፋ፣ በትርንጎ ፍሪጅና ኤሲ በሚሉት ብርድ የሚተፋ ሣጥን አለቀ። ብርድ ለማየትማ የእኛው ደጋ አቀስታ ይበቃኝ ነበር።

በማግስቱ ወደቡን በአጥር ሽንቁር አየሁት። መርከብ ማለት ለካ ጎኑን ሰጥቶ የተኛ አንድ ሙሉ ቀበሌ ነው። ከሆዱ ማዳበሪያ ይራገፋል፤ የአገሬ የወግዲ ገበሬ «መጣ ወይ?» እያለ አንገቱ እስኪቀጥን የሚጠብቀው ማዳበሪያ። ቀትር ላይ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ጭር አለ። ከዚያ አንድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ከየጥላው ብድግ። ከእኛ አገር የተጫነ ጫት ነው። ከእኛ የሚሄደው በሰዓቱ ይደርሳል። ወደ እኛ የሚመጣውን ተውት።

በሦስተኛው ቀን ባሕሩን ሳልነካ አልመለስም አልኳት። እኔ ትምህርት ቤትን የማውቀው በአጥሩ በኩል ነው፤ ፊደል የለየሁት በወንድሞቼ ደብተር ላይ ነው። ዛሬ ግን የሰፈሩ መጥሪያ፣ ማመልከቻና የመድኃኒት ወረቀት የሚነበበው በእኔ ደጅ ነው። ስለ እኔ «እሷ ካለች አለች» ይባላል። ስለ ባሕርም ያላነበብኩት አልነበረም፤ የቀረኝ መንካት ነው።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ፣ ጸበል እንደሚገባ ሰው ጫማዬን አወለቅሁ። ደረቁ አሸዋ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። ከዚያም እንደ ማንኛውም የመካነ ሰላም ሰው ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። በእኛ አገር ወንዝ የሚሞላው ከላይ ሲዘንብ ነው፤ ደጋው ካልጠቆረ ደራሽ ውሃ አይመጣም። ሰማዩ እንደታጠበ ሳሕን ጠርቷል። ስለዚህ ለጫማዬ አልሰጋሁም። ውሃው ርቆ ነበርና እየተራመድኩ ሄጄ እስከ ጉልበቴ ገባሁ፤ ቀመስኩት፤ አማተብኩ፤ ማንም አያየኝም ብዬ ትንሽም አለቀስኩ። ስንት እንደቆየሁ አላውቅም፤ ዞር ስል አሸዋው የለም። አንዱ እግር ጫማ ሰምጧል፤ ሌላው ማን ይዞኝ እያለ ይንሳፈፋል።

«ማን አዘነበበት?» ብዬ ጮህኩ።

ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ያለ ዝናብ እንደሚሞላ አንብቤ ሳይሆን አይቀርም። ግን ሰማዩን ከወረቀቱ አስበልጬ አመንኩት። ትርንጎ ግን ታውቅ ነበር። ውሃው ወደ ጫማዬ እየተሳበ ሲመጣ ከኋላዬ ቆማ በስልኳ ትቀርጽ ነበር።

እኔ በመልስ መንገድ ሚሌ ሳልደርስ ቪዲዮው መካነ ሰላም ገብቷል። ስለ ባሕሩ የጠየቀኝ የለም። ጎረቤቴ እማ ዘሃራ «አብሽሪ ልጄ፣ ጫማ ይተካል» አሉኝ፤ ከሳቁ ይልቅ ማጽናናቱ ወጋኝ። ሰው ወረቀት ሊያስነብብ መጥቶ መጀመሪያ እግሬን ያያል። አንድ የዘወትር ደንበኛዬ መጥሪያ ይዞ መጣ፤ ቀጠሮህ ሐሙስ ነው አልኩት።

«ሐሙስ መሆኑን እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም። ወረቀቱን አጥፎ ወደ ሌላ አንባቢ ይዞት ሄደ። ሐሙስ ነበር፤ ቢሆንም ተመልሶ አልመጣም።

በጥር ትርንጎ ለወንድሟ ልጅ ሰርግ ከጅቡቲ መጣች። ዳሱ ውስጥ ስልኳ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። ባለ መጥሪያውም ሰውዬ ተቀብሎ አየ፤ አየና ለጎረቤቱ አቀበለ። እኔ ለመነሣት ነጠላዬን ስሰበስብ ትርንጎ ከወዲያ ማዶ ጠራችኝ።

«እስቲ ንገሪያቸው እንጂ እታለም፤ ባሕር ስንት ቁጥር ጫማ ያደርጋል?»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ እስኪያበቃ ቆሜ ጠበቅሁ።

«ትርንጎ፣ ባሕሩ ጫማዬን ሲወስድ አያውቀኝም ነበር። አንቺ ግን የአክስቴ ልጅ ነሽ።»