ስልኬ ስለሞላ ድንኳን ተተከለ

የሞተ ሰው ቦታ አይፈጅም የሚል ካለ ስልክ የለውም ማለት ነው! በሕይወት ያለ ሰውማ ምን ቦታ ይይዛል? አንድ የታክሲ ወንበር… እሱንም ተጠጋግቶ ከሌላ ሰው ጋር። የሞተ ሰው ስልክ ውስጥ ሲገባ ግን አይጣል ነው። የእኔን ስልክ ተመልከቱ። ማለቴ የወንድሜን።

ታላቅ ወንድሜ ዘሪሁን ባለፈው ዓመት ሞተ። ታመመ፣ ሆስፒታል ገባ፣ አልወጣም። ስለዚህ ነገር ሌላ የምጽፈው የለኝም… ሞክሬ ነበር፣ አልመጣልኝም። ስልኩ ለእኔ ደረሰኝ። ከስልኩ ጋር ሥራውም አብሮ መጣ፤ የቤታችን ፎቶ አንሺ እሱ ነበርና። ምን ዓይነት ፎቶ አንሺ ነበር ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ። ግማሹ ፎቶ ላይ አውራ ጣቱ አለች። አትላስ ጋ የቆመ የማያውቀውን ሰው መኪና በአራቱም ጎን አንስቷል። ሩዋንዳ ሰፈር ሄዶ የበላውን ጥብስ አንስቷል፤ ያውም ከበላው በኋላ። ባዶ ሰሃን!

ታዲያ አጥፋዋ ትሉኛላችሁ። እናንተም እንደ ሃና ናችሁ ማለት ነው። ወደ እሷ እመጣለሁ።

መስቀል ደረሰ። እኛ ዘንድ መስቀል ማለት አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሁሉ ሱቁን ቆልፎ ሀገር ቤት የሚገባበት በዓል ነው። በዚያ ሰሞን መገናኛን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የእኛ ሰዎች በር ሲዘጋ ሰፈሩ ጥርሱ የረገፈ አፍ ይመስላል። እማዬ ዘንድሮ አልሄድም ብላ ነበር። ወንድሟ ጋሼ ደምሴ መጡና፣ "ልቅሶውን እዚያም ማልቀስ ይቻላል፤ ቢያንስ አየሩ ጥሩ ነው" ብለው አሳፈሯት። ጋሼ ደምሴ መገናኛ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሲያጽናኑም ጨርቅ እንደሚቆርጡት ነው፤ አንዴ በመቀስ፣ አለቀ።

ሀገር ቤት ገና ከመኪና ሳልወርድ ዘመድ ከበበኝ።

"የዘሪሁን ስልክ መጣ! አንሳን!"

አነሳሁ። በሬውን ሳይታረድ አነሳሁት። ታርዶም አነሳሁት። ክትፎውን፣ ክትፎ የሚበላውን፣ ክትፎ አነሰኝ የሚለውን… ጋሼ ደምሴን ጋቢ ለብሰው፣ ብቻቸውን በርጩማ ላይ ተቀምጠው አነሳኋቸው። ዓይኔን እንዳልጨፍን ብለው ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ከሩቅ ያለው ተራራ ላይ ሲያፈጡ። ልክ እሳቸው ላይ ስልኩ "ሞልቻለሁ" አለ። ገና በዓሉ ሳይጋመስ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ልንቆይ!

ሃና የጋሼ ደምሴ ልጅ ናት። ስልክ ታውቃለች፤ ወይም እንደምታውቅ ሆና ትናገራለች፣ ያው ነው። ስልኩን ከእጄ ቀማችኝ።

"ይሄ ሰሃን ምን ይሠራል? ዲሊት!"

"አይጠፋም።"

"ባዶ ሰሃን እኮ ነው ሚኪ!"

"ዘሪሁን የበላበት ነው።"

"እሺ ይሄ ጣትስ?"

"የማን ጣት መሰለሽ?"

ስልኩን መለሰችልኝ። ቆይታ፣ ቀስ ብላ…

"በቃ የእሱን ተወው። የዘንድሮውን ለሆነ ግሩፕ ላክና ከስልክህ አጥፋው። እዚያ ይቀመጥልሃል። ስትፈልግ ታወርደዋለህ።"

ምክሩ ጥሩ ነበር። ችግሩ የቱ ግሩፕ የሚለው ላይ ነው። የቤተሰቡ ግሩፕ አይሆንም፤ "እኔን ለምን ቆርጠህ አወጣኸኝ?" የሚል ጠብ ይነሳል። የትምህርት ቤት ጓደኞቼም አይሆኑም፤ ለበሬው የኔን ስም ያወጡለታል። እኔ የፈለግሁት ጭር ያለ፣ ማንም የማይናገርበት ቦታ ነው። አሰብኩ… አሰብኩ… አገኘሁት። የሰፈራችን እድር ግሩፕ! ለሽማግሌዎቹ የከፈተላቸው ዘሪሁን ነበር። እዚያ "እንደምን ዋላችሁ" የሚል እንኳ የለም። ሰው ካልሞተ በቀር ትንፍሽ አይባልም።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

የእድር ግሩፕ ያላችሁ አንባቢዎች ይሄኔ ገብቷችኋል። እኔ ግን አልገባኝም። እዚያ ግሩፕ የሰው ፎቶ ወጣ ማለት… ሰውዬው ወጣ ማለት ነው። ጽሑፍ አያስፈልገውም። ጋቢ ለብሶ ከሩቅ የሚያይ ከሆነ ደግሞ ጥርጥር የለውም።

ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ነው። ወጣሁ። ፎቶዎቹን መርጬ ላክሁ። የጋሼ ደምሴ ሄደ። ቀጥሎ የበሬው ሊሄድ ሲል ኔትወርኩ ጠፋ። ጠበቅሁ። ብርዱ በረታ፣ ተመልሼ ወረድኩ። የበሬው ተራ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር የምጽፍላችሁ።

በማግስቱ የእማዬ ስልክ ጮኸ። ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ኢንተርኔት አያውቅም እንጂ ለመጮህስ ማን ብሎት። እማዬ ጓሮ ጎመን ትቀነጥሳለች። ጋሼ ደምሴ አነሱት። የስልኩ ድምፅ ለመንደር የሚበቃ ስለሆነ አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ሰማሁ። ደዋዩ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ታደለ ናቸው።

"ሃሎ፣ ወይዘሮ አስካለ… እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

"አስካለ ሥራ ይዛለች። ምን ልንገርልህ?"

"ማን ልበል?"

"ወንድሟ ነኝ።"

"አይ ወንድሜን! አንተንም ያጽናህ። የደምሴን ነገር ስንሰማ…"

"ደምሴ እኮ እኔ ነኝ።"



"የቱ ደምሴ?"

"ልብስ ሰፊው።"

"እሱማ ሞቷል።"

"ማን ነው ያለው?"

"ፎቶው ወጥቷል!" አሉ አቶ ታደለ፣ በክርክር እንደማይሸነፍ ሰው። "ድንኳን ተክለናል፣ ወንበር ደርድረናል፣ ለቀብር የሚመጣው ሰው አውቶቡስ ላይ ነው። መገናኛ ቆመን መንገዱን ልንጠይቅ ነው የደወልነው።"

ጋሼ ደምሴ አልጮኹም። አልተቆጡም። ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሯቸው አዛወሩና፣

"አውቶቡሱ ሞልቷል?" አሉ።

"ቆሞ የሚሄድም አለ።"

"የሱቄ ጎረቤት ግርማስ አለበት?"

"…ግርማ እንኳ አልመጣም።"

"አውቄዋለሁ" አሉ ጋሼ ደምሴ። "በል አሁን ሰዉን አውርደው። ስለደከማችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድንኳኑንም ንቀሉት።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ፣ ምን አደረግኸኝ?"

"አስቀመጥኩዎት… ቦታ ስላልነበረ።"

"የት?"

"እድር።"

"መጨረሻችን እዚያው ነው" አሉ ጋሼ ደምሴ። "ትንሽ ቸኮልክ እንጂ።"

እማዬ ጎመኑን ይዛ ብቅ አለች። "ማን ነው የደወለው?"

"ታደለ ነው" አሏት። "መልካም በዓል ብሎሻል።"

ድንኳን የሚባል ነገር አላነሱም። ያው ድንኳን ባለፈው ዓመት የተተከለው በእኛ በር ላይ ነው። እኔም ጎመን መቀንጠስ ጀመርኩ። በሕይወቴ ጎመን ቀንጥሼ አላውቅም።

አዲስ አበባ ስንመለስ እድሩ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ተቆጡኝ። ይገባኛል። ከእንግዲህ ፎቶ የሚልክ ሰው ከሥሩ "በሕይወት አለ" ብሎ ይጻፍ ተብሎ ተወሰነ። ግርማም ሱቅ ድረስ መጣና፣ "እኔ ወሬውን ስላላመንኩ ነው የቀረሁት" አለ። ጋሼ ደምሴ፣ "እሱማ የሚገርም እምነት ነው" ብለው ወንበር ሰጡት።

እኔ ግን የፈራሁት ሌላ ነው። ጋሼ ደምሴ አስጠሩኝ።

"ስልኩን ይዘህ ሱቅ ና። ነገሩ ሁሉ የመጣው ሞልቶ ነው። ዛሬ ይጸዳል።"

እምቢ አይባሉም። የእናት ወንድም ናቸው፤ በዚያ ላይ ሬሳቸውን ሸኝቻለሁ። የመገናኛ ሱቃቸው ገብቼ ስልኩን ከስፌት ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። በወፍራም ጣታቸው ወደ ላይ፣ ወደ ታች… ሰሃኑን አልፈው፣ መኪናውን አልፈው አንድ ጥቁር ነገር ላይ ቆሙ።

"ይሄ ቪዲዮ ነው? ጨለማ እኮ ነው። ስልኩን ሳይዘጋ ኪሱ ከትቶት ነው። በል ይሄ እንኳ ይጥፋ።"

"ጋሼ፣ አይሆንም።"

"ምን አለበትና?"

"ይስሙት።"

ከፈቱት። ጨርቅ ይንሿሿል። የታክሲ ረዳት "መገናኛ የሞላ! መገናኛ!" ይላል። ከዚያ የዘሪሁን ድምፅ መጣ፤ ለሆነ ሰው እየነገረው።

"…ጋሼ ደምሴ ሱሪ ሰፍተውልኝ ግራ እግሩ አጠረ። ብነግራቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ሱሪው ልክ ነው፣ የረዘመው እግርህ ነው!"

ከዚያ የሱ ሳቅ መጣ። ዘሪሁን ሲስቅ አያቆምም ነበር፤ ሌላው ሰውዬም አብሮት ሳቀ። "ወራጅ አለ" አለ ዘሪሁን፣ ቪዲዮው አበቃ።

ጋሼ ደምሴ እግራቸውን ከማሽኑ መርገጫ ላይ አነሱ።

"ድገመው።"

ደገምኩት።

"ውሸቱን ነው" አሉ። "ልኩን ራሴ ነኝ የወሰድኩት። ቀጥ ብለህ ቁም ስለው ወደ አንድ ጎን እያጋደለ… ድገመው።"

ደገምኩት። መነጽራቸውን አውልቀው በቁራጭ ጨርቅ ጠረጉ። ብዙ ጠረጉት። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ገፉና፣

"እኔን አጥፋኝ" አሉ።

"ምን?"

"የእኔን ፎቶ። የሃናን፣ የእናትህን፣ የመስቀሉን በሙሉ። እኛ አለን፣ ሌላ ጊዜ ታነሳናለህ። በሬውንም አጥፋው፣ በልተነዋል። እሱን ግን አትንካው።"

አጠፋሁ። አንድ በአንድ። መስቀል አለቀ። ስልኩ ቦታ አገኘ።

ልወጣ ስነሳ ጋሼ ደምሴ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ።

"ያ ሱሪ ከተገኘ አምጣልኝ። በሜትር ለክቼ ልክ መሆኑን አሳይሃለሁ።"

"እሺ ጋሼ" አልኩና ከጠረጴዛው ጀርባ ጠጋ አልኩ፤ ከወገቤ በታች እንዳያዩኝ። ሱሪውን ለብሼው ነበር። ግራ እግሩ በእርግጥም አጭር ነው። አልነገርኳቸውም… ያስተካክሉታል ብዬ ፈራሁ።