ትከሻ የጎደላት መንደር

ወጣት ከገጠር ወደ ከተማ ሲፈልስ መጀመሪያ የሚጎድለው ምን ይመስላችኋል? «አራሽ» ትሉ ይሆናል። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ተማሪዎቼን እንዲሁ አስተምሬአለሁ። አሁን ግን ልታረም፤ መጀመሪያ የሚጎድለው ትከሻ ነው። መሬቱ ለሌላ አራሽ ይሰጣል፣ አጨዳውም ጥቂት ቀን ይታገሣል፤ በቃሬዛ የሚወርድ ሕመምተኛ ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

ከአሸተን ማርያም ባሻገር ያለችው መንደራችን መኪና አይደርስባትም። የታመመ ሰው በሁለት አጣና መካከል በተወጠረ ጠፍር ላይ ተኝቶ፣ ወንዶች እየተፈራረቁ ተሸክመውት፣ ቁልቁለቱን እስከ መኪናው መንገድ ይወርዳል። ተሸካሚ የሚመድበው ቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ መረዳጃ ማኅበር ነው። ሴት ቃሬዛ አትይዝም፤ ከኋላ ትከተላለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። መምህር ሆኜ አለመጠየቄ ያሳፍረኛል።

አንድ ማለዳ ጎረቤቴ ዘውዲቱ ምጥ ጠናባት። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ባሏ አዲስ አበባ ግንባታ ላይ ይሠራል። አምቡላንስ መንገዱ ዳር እንደሚጠብቅ በስልክ ተነግሮናል። የቅሬው ዳኛ አያ ሞላ የተሸካሚዎቹን ደብተር ገልጠው ስም መጥራት ጀመሩ።

«ደሳለው!»

«አዲስ አበባ» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ሲሳይ!»

«ወልድያ፤ ባጃጅ ይነዳል።»

«ጌትዬ!»

«እሱ እንኳ ትናንት ደውሎ ነበር።»

በየበዓሉ እየደወሉ እንኳን አደረሳችሁ ይሉናል፤ ትከሻ ግን በስልክ አይላክም። የተጠሩት ሁሉ ያስተማርኋቸው ናቸው። ጥለውን ሄዱ እያልሁ ሳማርር ከርሜአለሁ። ይህም ይታረም፤ «ተማሩና ከዚህ ውጡ» እያልሁ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ።

አያ ሞላ ደብተሩን አጠፉ። «እንግዲህ ሰው የለም» አሉ።

ግቢው ውስጥ አሥራ አንድ ሴቶች ቆመው ነበር።

«እኛ ምንድን ነን፣ አያ ሞላ? አጥር?» አለች የዘውዲቱ አክስት ብርቄ።

«ነውር ነው እኮ! ሴት ቃሬዛ ስትሸከም የት ታይቷል?»

«እንስራ ስሸከም አይተውኛል፤ ማገዶ ስሸከም አይተውኛል። አንቱንም ከሠርግ ቤት ደግፌ ያመጣሁ እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ነውር ነው አላሉኝም።»

ዘውዲቱ እንኳ በምጥ መካከል ሳቀች። ብርቄ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና አጣናውን ያዘች። «አንቱ መምህር፣ ዱላዎን ይዘው ከኋላ ይከተሉ!»

ተከተልሁ። አያ ሞላ እያጉረመረሙ ፊት ፊት ሄደው ከመንገዱ ድንጋይ ያነሣሉ፤ ሴቶቹ አራት አራት እየሆኑ፣ አንዷ ስትዝል ሌላዋ እየገባች፣ ያን እኔ ባዶ እጄን የማማርረውን ቁልቁለት ወረዱት። አንድ ቦታ ብርቄን ጭቃው አዳለጣትና በጉልበቷ ወደቀች። ጉልበቷ ደማ። አጣናው ከትከሻዋ አልወረደም።

ከቀትር በፊት ጤና ጣቢያው ውስጥ ሴት ልጅ ተወለደች።

በሳምንቱ ቅሬው ተሰበሰበና የአሥራ አንዱን ሴቶች ስም በደብተሩ እንድጽፍ ታዘዝሁ። ጽፌ ስመለስ አራሷን ልጠይቅ ገባሁ፤ ባሏ ደውሎ ኖሮ ድምፁ ከስልኩ ይሰማል።

«እዚያ ገደል ላይ ምን ቀረሽ? ልጅቷን ይዘሽ ነይ።»

«አሁንማ አልመጣም» አለችው ዘውዲቱ። «ሰማንያ ቀን ይሙላና ልጅቷ ክርስትና ትነሣ፤ ከዚያ በኋላ የቃሬዛ ተረኛ ነኝ። መምህር ጽፈውኛል።»

እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያች ደቂቃ አልጻፍኋትም ነበር። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና እስክሪብቶዬን አወጣሁ። አሥራ ሁለተኛ ሆነች።