እፍኝ ሩዝ ያለበት ሙዳይ

እናንተ የተዋሳችሁትን ዕቃ ባዶውን ትመልሳላችሁ? እኛ ቤት ነውር ነበር። እናቴ ከጎረቤት ሳህን ከተዋሰች፣ ስትመልስ ሽንኩርትም ቢሆን፣ ሁለት ሎሚም ቢሆን ጣል ታደርግበታለች። ጎረቤቲቱም ሽንኩርት ተቀብላ ዝም ማለት ይከብዳታል፤ በማግስቱ በዚያው ሳህን ጎመን ትልካለች። ሳህኑ በሁለቱ ቤት መካከል ስንት ዓመት እንደተመላለሰ እንጃ። ሁለቱም ሴቶች አርፈዋል። የሳህኑ ባለቤት ማን እንደነበረች ግን፣ ይኼን ያህል ዘመን ጋዜጠኛ ሆኜ አላጣራሁም።

ነገሩን ያስታወሰኝ የሐጂ ኢብራሂም ሱቅ ነው። ከወረታ ወጣ እንዳላችሁ፣ አስፋልቱ ዳር ታገኙታላችሁ። ሐጂ የፋብሪካ ዕቃ አይሸጡም። ማር፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ የፎገራ ሩዝ፣ ቅቤ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰፌድና ሙዳይ። ሰውዬው የክርስቲያኑን ጾም ከዲያቆን እኩል ያውቃሉ። ባያውቁ ሁዳዴ ከነቅቤያቸው ይይዛቸዋላ!

ሙዳዮቹን የሚሰፉት እትዬ አዛለች ናቸው። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ፣ ሜዳው ላይ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ባለፈው ክረምት ደግሞ ጎርፉ ማሳቸውን ደለል አልብሶት ሄደ። ስለዚህ የዓመቱ ቀለባቸው ከወስፌያቸው ጫፍ ላይ ነበር። ደግነቱ አንድ የባሕር ዳር ሆቴል ለእንግዳ ክፍሎቹ ሙዳይ አዘዘ። ብዙ ሙዳይ። እትዬ አዛለች እየሰፉ ሱቁ ውስጥ ያከማቹ ጀመር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? እትዬ አዛለች ባዶ ሙዳይ ለሰው አይሰጡም። እያንዳንዱ ውስጥ አንድ እፍኝ ሩዝ ያደርጋሉ። ለምን ቢሏቸው ጥያቄው ራሱ ይገርማቸዋል።

የሆቴሉ ሰው ሥራውን ሊያይ መጣ። የአንዱን ክዳን ከፈተ። ከሩዙ ጋር አይጥ የጣለችው ጥቁር ጥቁር ነገር አገኘ። ክዳኑን መልሶ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመጣ፣ ያኔም እንዲህ ያለ ነገር ካየ ትእዛዙን ለሌላ ሰፊ እንደሚሰጥ ተናግሮ ሄደ።

እኔ ስለ ሩዝ ምርት ልጽፍ ሄጄ እዚያው ተቀምጬ ነበር።

«እታለም፣ ለአይጥ ቀለብ መስፈር ጀመርሽ እንዴ?» አሉ ሐጂ።

«አይጧማ የእርስዎ ናት፣ ሐጂ። እኔ ቤት ድመት አለች።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ይኸው የተማረ ሰው አለ። እሱ ይፍረደን።»

ፈረድኩ። መጀመሪያ ግን አጣራሁ፤ ልማዴ ነው። ከሱቁ ጆንያዎች ጀርባ የአይጥ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ እስከ ሙዳዮቹ የሩዝ ፍሬ ተንጠባጥቧል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሩዙ ይውጣ፣ ክዳኖቹም በክር ይታሰሩ አልኩ።

«ባዶ ሙዳይ ለሰው ልስጥ?» አሉ እትዬ አዛለች።

ሆቴሉ ሩዝ ከፈለገ ወጥ ቤት ሞልቶታል አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተን ማን ነው ያሳደገህ?»

ይህን ጥያቄ ብዙ ባለሥልጣናት ጠይቀውኛል። እንደዚያን ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። ሆኖም ፍርዴን አልለወጥኩም። የዓመቱ ቀለብ ነዋ! እትዬ አዛለችም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ሙዳዮቹን አንድ በአንድ እያነሱ ሩዙን ወደ ነጠላቸው ጫፍ ገለበጡ። ክዳኖቹን ሐጂና እኔ አሰርን።

በሦስተኛው ቀን ከይፋግ ገበያ ስመለስ ጎራ አልኩ። ሐጂ በር ላይ ቆመዋል። ሰላምታም የለ።

«ግባና ፍርድህን እይ» አሉኝ።

አራት ሙዳዮች ቂጣቸው ተበስቷል። አጎንብሼ መረመርኩ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ግልጽነቱ ነው ያናደደኝ። አይጧ ድሮ ክዳኑን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ትገባለች፣ ሩዟን በልታ ትወጣለች፣ ስፌቱን አትነካም። አሁን የሩዙ ሽታ አለ፣ ሩዙ የለም፣ ክዳኑም ታስሯል። ስለዚህ በቂጡ ገባች። ማስረጃዬ ሁሉ ልክ ነበር። ፍርዱ ብቻ ነው የተሳሳተው።

እትዬ አዛለች ተጠርተው መጡ። በአንዱ ቀዳዳ ጣታቸውን አሾለኩ። ሐጂ አይጧን መራገም ጀመሩ።

«ተዉ፣ አይርገሟት» አሉ እትዬ አዛለች። «ባዶ ሙዳይ ሰጣችኋት። ምን ትብላ?»

ሐጂ መሳቅ አልፈለጉም ነበር፤ አመለጣቸው። እኔ አልሳቅኩም። የሆቴሉ ሰው ሊመጣ ሦስት ቀን ነበር የቀረው።

እትዬ አዛለች ሙዳዮቹን ሁሉ ድመቷ ወዳለችበት ወደ ቤታቸው አስወሰዱ። የተበሱትን ተርትረው፣ ስንደዶውን በውኃ አርሰው፣ ቂጣቸውን እንደገና ሰፉት። በቀጠሮው ቀን ሐጂ የሆቴሉን ሰው ከነሾፌሩ በሜዳው አቋርጠው ወደዚያው ወሰዱት። እኔም ተከተልኩ። ሐጂ ነገር መደበቅ አይችሉም፤ መንገዱን ሙሉ የአይጧን ታሪክ ከነፍርዴ ዘረገፉለት።

ሙዳዮቹ በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። ክር የለም። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አንዱን ከፈተ። እፍኝ ሩዝ። ሌላውን ከፈተ። እፍኝ ሩዝ። እትዬ አዛለች እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀዋል፤ መሬት መሬት ያያሉ። እኔም ላስረዳ አፌን ስከፍት ሐጂ ክርኔን ያዙኝ።

«ላውጣው?» አሉ እትዬ አዛለች በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ።

ሰውዬው ክዳኑን ቀስ አድርጎ መለሰው። ሾፌሩ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ግድ የለም እናቴ፣ ይኑር» አላቸው። «እኛም ዘንድ አይጥ አለች።»