ሁለት መሳቢያ የገቡ ባልና ሚስት

አማርኛችን የእሳት ራትን የጠራት በአሟሟቷ ነው። ቁም ሳጥን ገብታ ጋቢያችንን የምትቀረጥፈውን ዘመዷን ደግሞ ብል አላት። ምደባችን በዚህ አበቃ፤ አንዷን እሳት ይበላታል፣ ሌላዋ እኛን ትበላናለች። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል ብዬ ነበር የኖርኩት፣ ጡረታ ወጥቼ እዚህ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ክምችት ክፍል ውስጥ መሳቢያ መወልወል እስክጀምር ድረስ።

እዚያ ያለችው ፕሮፌሰር ዕድሜዋን የሰጠችው ከደቡብ አሜሪካ ጫካ ለሚመጡ የአንድ ወገን የእሳት ራቶች ነው። ወገን ስላችሁ እነሱ ጂነስ የሚሉትን ነው፤ ዘመዳሞች ሆነው አንዱ ዘር ከሌላው ዘር የማይጋባበት። የፊት ክንፋቸው ደረቅ ቅጠል ይመስላል፤ ሲገልጡት ከኋለኛው ክንፍ ላይ የጉጉት ዓይን የሚያህል ክብ ያፈጥባችኋል። እሷ ግን ክንፍ አታምንም። የሆዳቸውን ጫፍ ቆርጣ፣ በመድኃኒት አለስልሳ፣ በማይክሮስኮፕ የምትመረምረው ምን መሰላችሁ? ሀፍረተ ሥጋቸውን! የወንዱ መቆንጠጫ ወዴት እንደታጠፈ፣ የሴቷ መቀበያ እንዴት እንደተበጀ አይታ ነው ማን የማን ዘር እንደሆነ የምትፈርደው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

አንድ ቀን ፊቷ ቀልቶ አገኘኋት። በሁለት ስም፣ በሁለት መሳቢያ ስንት ዘመን የተቀመጡ ሁለት የእሳት ራቶች ነበሩ፤ አንደኛው ትንሽ፣ ጠቆር ያለ፣ አንቴናው ላባ የመሰለ፤ ሌላዋ ሰፋ፣ ፈዘዝ ያለች፣ አንቴናዋ ክር የሚያህል። ለካ ባልና ሚስት ኖረዋል! «ያፋታናቸው እኛ ነን» አለችኝ። ወዲያው አንዱን ስም ሰረዘች፣ ስህተቷን በጽሑፍ አወጣች፣ አንድ መሳቢያ ውስጥ አስገባቻቸው። እኔ ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

በዚያው ሰሞን ዕድራችን ፍሮግታውን ሰፈር ያለውን አዳራሻችንን ቁልፍ ማን ይያዝ በሚል ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በቁልፍ ተጣላን ማለት ስለሚያሳፍር ሌላ ምክንያት ተፈለገ፤ ተገኘም። ከመረብ ወዲህ የተወለደ በአንዱ፣ ከመረብ ወዲያ የተወለደ በሌላው። ኮሚቴያችን ማይክሮስኮፕ እንኳ አላስፈለገውም። ጋሽ ተስፋይ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ ናቸው፤ ባለቤታቸው እትዬ የሺ የደሴ ልጅ። ሮቢንስዴል አንድ ጣሪያ ሥር ያረጁትን ሰዎች ባልን በአንዱ መዝገብ፣ ሚስትን በሌላው አሰፈርናቸው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የወዲህኛው ዕድር ጸሐፊ ነኝና።

ከዚያ የእትዬ የሺ ወንድም ደሴ ላይ ሞቱ። ዘመዶች እንደ ወጉ ለእሳቸው ሳይሆን ለእኔ ደወሉ፤ ሰው ሰብስባችሁ በማለዳ አርዱልን አሉ። ለሊቀመንበራችን ነገርኩት።

«በደንቡ፣ ባይሎው ላይ መርዶ በአባወራው ዕድር በኩል ነው፤ እነሱን ኮል አድርግ።»

የእነሱን ሊቀመንበር ደወልኩለት።

«ሟች የሚስት ወንድም ነው፤ እኛን አይመለከትም። ፕሮሲጀሩን ፎሎው አድርጉ እንጂ!»

ሦስት ቀን በሁለቱ መካከል ተመላለስኩ። ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ እትዬ የሺ ብቻ አልሰሙም ብለን ነው። አንዱ ችኩል ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ ቢለጥፍስ እያልኩ ስልኬን ስከፍት ስዘጋ ሰነበትኩ። አፈርኩም።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ብቻዬን ነድቼ ሄድኩና በራቸውን አንኳኳሁ። እትዬ የሺ ከፈቱልኝ። ጥቁር ለብሰዋል። ከኋላቸው ጋሽ ተስፋይ ጢማቸው አድጎ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጠዋል።

«ልጄ በመጀመሪያው ቀን በስልክ ነገረችኝ፣ በእንግሊዝኛ» አሉኝ እትዬ የሺ። «እኔ ሳለቅስ እሱ ሲያጽናናኝ፣ እሱ ሲያለቅስ እኔ ሳጽናናው፣ ማን ይመጣ ይሆን ብለን በሩን ስናይ ሦስት ቀናችን። ለመሆኑ የትኛው ዕድር ነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«እንግዲያው ግባ።»

ገብቼ ከመካከላቸው ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሟቹን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም።

በሳምንቱ ሁለቱ ዕድሮች ከተለያዩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ጸሐፊው ከሥርዓት ውጭ መርዶ ሄዷልና ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት አሉ። ጸሐፊው እኔ አይደለሁ? ጻፍኩት፤ ፈረምኩበት፤ ግልባጩንም ለወዲያኛው ዕድር ላክሁ።