የወይራ ጭስና የቴምር ማር

በአማርኛችን የሚጠነሰሱ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ጠላና ሴራ። አያቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል የጠሩት ቃል አጥሯቸው ይመስላችኋል? እኔ ግን ጎረቤት ስለነበራቸው ነው እላለሁ።

የእኔዋ ጎረቤት ትርንጎ ትባላለች። ሃይፋ ውስጥ፣ ሊፍት በሌለው አሮጌ ሕንፃ፣ እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሷ አራተኛ ፎቅ ነን። እኩያዬ ናት፤ በክፋትም አትታማም። ጠላዋ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ጠላዋ ጥሩ ነው። ይህችን አጭር ነገር ከአፌ ለማውጣት አሥራ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ዘንድሮ የባሰብኝ ልጄ ሺሪ ልታገባ ስትነሣ ነው። ፋሲካ ሲቃረብ አንድ ቀን፣ ስልኳን እየነካካች፣ «እማ፣ ለሐቱናው ጠላውን ትርንጎ ትሥራው፣ ቤሰደር?» አለችኝ። ሐቱና ያለችው ሠርጓን ነው፤ ቤሰደር ደግሞ እሺ ማለቷ ነው። የገዛ ልጄ! በልጄ ሠርግ ላይ የሰው ጠላ ልቅዳ? ቤሰደር አይደለም አልኋት። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ፣ በፋሲካ ማግስት ሁለታችንም እንድንጠነስስና የማንኛችን እንደሚሻል በጠላ ሙያ ስመ ጥሩዋ አሮጊት እማማ ዘነቡ እንዲፈርዱ ተስማማን።

ፋሲካን የመረጥሁት በተንኮል ነው። በእኛ በቤተ እስራኤሎች ወግ ለፋሲካ እርሾ የነካው ሁሉ ከቤት ይወጣል፤ አተላው ይደፋል፣ ዕቃው ይለወጣል። ስለዚህ በማግስቱ ባለሙያውም ሰነፉም እኩል ከባዶ ይጀምራል። ከዚህ የተሻለ ፍትሕ የት ይገኛል?

ጌሾዬን አደቀቅሁ፣ ብቅሌን ለካሁ። አንድ ትልቅ፣ አፈ ሰፊ አዲስ ብልቃጥ ገዝቼ እንደ እናቴ በወይራ ጭስ አጠንሁት። ትርንጎ በዚህ ትስቅብኛለች፤ አንድ ቀን የእሳት አደጋ መኪና ታስመጪብናለሽ ትለኛለች። እሷ ማጠን የሚባል ነገር አታውቅም፤ ጥንስሷ ላይ የቴምር ማር ጠብ ታደርጋለች፤ እኔ ደግሞ በዚያ እስቅባታለሁ። ዓይኗ እንዳያርፍበት ብልቃጤን ምድር ቤት፣ የሕንፃው የቦምብ መጠለያ ውስጥ፣ ከአሮጌ ብስክሌቶች ኋላ ደበቅሁት።

ጥንስስ በዓይን ብቻ አይፈረድም፤ በጆሮም ነው። የበሰለ እንደሆነ ችስ ችስ እያለ ያወራል። በሦስተኛው ቀን ጆሮዬን ባስጠጋ፣ የእኔ ጸጥ ብሏል። የትርንጎ ግን ከባሕሩ ፊት ለፊት በረንዳዋ ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ ሽታው እስከ ታች ደረጃ ይወርዳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? በፋሲካ እርሾ ደብቃ አሳድራ ነው ብዬ ጠረጠርሁ።

በአራተኛው ቀን ጨው ልበደር ብዬ ወጣሁ። እሷ ጨው ፍለጋ ጓዳ ስትገባ እኔ በረንዳ ገባሁ፤ ጨርቁን ገለጥ፣ አንድ ኩባያ ጭልፍ። ኩባያውን ከየት አመጣሽው ትሉኝ ይሆናል። ጨው ልበደርበት ይዤው የወጣሁት ነዋ! ኩባያውን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ጨዉን በእፍኜ ይዤ ወረድሁ። የእኔን ብልቃጥ ከመጠለያው አውጥቼ ኩሽናዬ አስገባሁና የተሰረቀውን ጨመርሁበት። በማግስቱ እንዴት ያለ አረፋ መሰላችሁ!

እማማ ዘነቡ የሚኖሩት ከሃይፋ አጠገብ፣ ነሸር ነው። ትርንጎና እኔ ብልቃጦቻችንን ጭናችን ላይ አድርገን በአውቶቡስ ሄድን፤ መንገዱን ሙሉ ብልቃጦቹ ሲያወሩ እኛ ዝም። እማማ አዳመጡ፣ አሸተቱ፣ ቀመሱ። ከዚያ ትርንጎን ቀና ብለው አይተው፣ አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በወይራ ማጠን የጀመርሽው አሏት።

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። የራሷ ጥንስስ ከነጭራሹ ሞቶባት ኖሮ፣ በሁለተኛው ቀን የወይራውን ሽታ ተከትላ መጠለያው ወርዳ ከእኔ አንድ ጭልፋ ወስዳለች። «የአንቺ ቢያንስ ያዛጋ ነበር» አለችኝ። ለካ ስቀናበት የከረምሁት በገዛ ጥንስሴ ነው! የጎደለው ፀሐይ ብቻ ነበር።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔ ግን ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ድምፄን አሳምሬ፣ ጎረቤት ናት፣ የሰው ልጅ ይደክማል፣ ከልቤ ይቅር ብያታለሁ አልሁ። እማማ እስክጨርስ ጠበቁኝና የእኔን ብልቃጥ እንደገና አሸተቱት። ይቅርታሽስ ደግ ነው ልጄ፤ የቴምር ማሩ ግን ከየት መጣ አሉኝ።

ሌባ ሲሰርቅ ሳይሆን ሲካፈል ይጣላል ይባላል፤ እኛ ግን አልተጣላንም። ማን ማንን ይከሳል? ሁለቱን ብልቃጥ አንድ በርሜል ውስጥ ገልብጠን የሺሪን ሠርግ ጠላ አብረን ጠመቅን። በሠርጉ ቀን የቀመሰ ሁሉ የማን እጅ ነው ይል ነበር። እኔ የትርንጎ አልሁ፤ ትርንጎም ወደ እኔ እየጠቆመች «የእሷ ነው» አለች። ሁለታችንም እውነታችንን ነው። ሰዉ ግን ትሕትና መሰለው፤ ከክርያት አታ የመጣች አንዲት ሴትዮማ፣ እኔን እንዲህ ያለ ጎረቤት አላደለኝም ብላ ቀናችብን።