የመቶ ሃያ ፕላስቲኮች ርክክብ

ካዛንቺስ ውስጥ ባዶ ሃይላንድ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? አትልፉ። የለም። ውሃው ተጠጥቶ ሲያልቅ እጃችሁ ላይ የምትቀረውን ፕላስቲክ ማለቴ ነው። መንገድ ላይ የወደቀ፣ ቱቦ ውስጥ የተሰነቀረ፣ ጎማ የዳመጠውማ ሞልቷል። እስቲ ሰው ቤት ገብታችሁ አንድ ባዶ ስጡኝ በሉ። አንዱ ዘይት ይዟል። አንዱ ከኡራኤል የመጣ ጠበል ይዟል። አንዱ በረኪና፣ አንዱ ላምባ። አንዱ ደግሞ ምን እንደያዘ ቤቱ ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። ግን ማንም ደፍሮ አይደፋውም። ጠበል ቢሆንስ?

ጓደኛዬ ቢኒ አንድ ጠዋት ጉሮሮው ደርቆ ተነሳና አልጋ ሥር ያገኘውን ሃይላንድ ግጥም አደረገ። ፈሳሽ ሳሙና ነበር። ያን ቀን ሰላም ባለን ቁጥር አረፋ ይቀድመው ነበር። እናቱ ግን የተቆጡት ሳሙናው ስለጎደለ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው የፕላስቲክ ሊቅ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ትምህርት ከዘጠነኛ ክፍል ነው የተውኩት። ወይም እሱ ነው የተወኝ፣ ገና አልተጣራም። ከዚያ በቃ የታክሲ ረዳት ሆኜ ካዛንቺስን ከኡራኤል፣ ኡራኤልን ከጎተራ ሳገናኝ ኖርኩ። ተሳፋሪው ውሃውን ጠጥቶ ፕላስቲኩን ይሰጠኛል። «ጣልልኝ» ይለኛል። እኔም በትህትና በመስኮት እጥልለታለሁ። ስንት እንደጣልኩ እግዜር ይወቀው። እንደ መስተንግዶ ነበር የምቆጥረው።

ኋላ ረዳትነቱ ሰለቸኝ። በር ላይ ተንጠልጥሎ ማርጀት አለ እንዴ? እንዳጋጣሚ ኡራኤል አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ይበቃል ተባለ። ደስ አለኝ። «ዋስ አምጣ» ተባለ። ደስታዬ ጠፋ። እናንተ የዋስን ነገር ታውቁታላችሁ። ሥራ ያለው፣ ደመወዝ ያለው፣ «ይህ ልጅ ዕቃ ይዞ ቢጠፋ እኔ አለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው ማለት ነው። የኔ ጓደኞች በሙሉ ራሳቸው ዋስ ፈላጊ ናቸው።

ግቢያችን ውስጥ ደመወዝተኛ ሰናይት ብቻ ነበረች። የጋሽ ታደሰ ልጅ። ሄጄ ለመንኳት። ሰናይት ክፉ አይደለችም። ግን በታክሲ መስኮት የምሠራውን ሁሉ አይታለች። «አባዬ ይመስክርልህና እፈርማለሁ» አለችኝ። እንቢ ከማለት ያልተለየ እሺ ነው ይሄ።

ምክንያቱም ጋሽ ታደሰ ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ ወጥተውም ግምጃ ቤቱ ከሳቸው አልወጣም። የመሥሪያ ቤት ወንበር ጀርባ ላይ በቀለም ቁጥር ይጻፍ የለ? የጋሽ ታደሰ ቤት እንዳለ እንደዚያ ነው። ጠረጴዛው ቁጥር አለው። መጥረጊያው ቁጥር አለው። ሰናይት ልጅ ሆና ከጀርባዋ ቁጥር ይፈልጉ እንደነበር ሰፈሩ ያወራል። ይሄንን ግን አላረጋገጥኩም።

አንድ ክረምት የግቢያችን ቱቦ ተደፍኖ ጎርፉ ቤታቸው ገባ። እጃቸውን እስከ ብብታቸው ከተው ከቱቦው አፍ የጎተቱት ሁሉ ሃይላንድ ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሳቸው ቤት አንድ ፕላስቲክ ወደ ውጭ ወጥቶ አያውቅም። ያጥባሉ፣ ወረቀቱን ይልጣሉ፣ ያደርቃሉ፣ ሥሩ ላይ በጥቁር ቀለም ቁጥር ይጽፋሉ፣ አልጋ ሥር ይደረድራሉ። መቶ ሃያ ደርሰው ነበር።

በዚህ መሃል ሰፈሩ ሊፈርስ ሆነ። ሰናይት ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደረሳት፣ አራተኛ ፎቅ። ቅዳሜ አይሱዙ ይመጣል። አባቷን፣ ፕላስቲኩን ይዘህ የምትወጣ ከሆነ እኔ እዚሁ እቀራለሁ አለቻቸው። እሳቸውም፣ ንብረት ሜዳ ላይ ጥዬ አልወጣም አሉ። ልክ በዚህ ሰዓት እኔ ምስክርነት ልጠይቅ ገባሁ።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። ጎተራ ፕላስቲክ ተቀብሎ የሚፈጭ ግቢ እንዳለ ሰምተዋል። እዚያ አድርሼ ደረሰኝ ካመጣሁ ይመሰክሩልኛል። ቱቦ ውስጥ መጣል የለም። ለሚጥል እጅም መስጠት የለም።

«ችግር የለም ጋሼ፣ በኃላፊነት አደርሳለሁ» አልኳቸው።

«ኃላፊነት በአፍ አይደለም ሳሙኤል» አሉኝ። «ኃላፊነት ፊርማ ነው።»

ደብተር አወጡ። በማስመሪያ አስምረው ራሳቸው የሠሩት ሞዴል ሃያ ሁለት ነው፣ ዕቃ ከግምጃ ቤት ሲወጣ የሚፈረመው። መቶ ሃያ ፕላስቲክ ተረከብኩ ብዬ በየቁጥራቸው ጎን ፈረምኩ። ከተቀባዩ ደግሞ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ፣ የገቢውን ማለት ነው፣ ማህተም አስመትቼበት እንዳመጣ ታዘዝኩ። ደብተሩን አስያዙኝ።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ትልልቅ ማዳበሪያ ተሸክሜ ወጣሁ። ታክሲ አቆምኩ። ረዳቱ ማዳበሪያዎቹን አየና የሦስት ሰው ትከፍላለህ አለኝ። ልሰድበው አልኩና ተውኩት። ይቺን ዘዴ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በእግሬ ጀመርኩት።

መቶ ሜትር ሳልሄድ እትዬ ብርቄ ጠሩኝ። ከመንገዱ ዳር ሱቅ አላቸው፣ ዘይት በችርቻሮ ይሸጣሉ። «ሳሚዬ፣ የዘይት መቅጃ አልቆብኛል፣ እስቲ አሥራ ሁለት ብቻ» አሉ። የተፈረመበት ንብረት ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። «ለእናትህ ለቅሶ ሦስት ቀን ወጥ የሠራሁት ፈርሜ ነው?» አሉኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ? አሥራ ሁለት ቆጠርኩ።

ኡራኤል ጋ ስደርስ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ለጠበል አንድ ለመኑኝ። ለጠበል እምቢ ይባላል? ጋራዥ አጠገብ መካኒኮቹ የተቃጠለ ዘይት ማጠራቀሚያ ብለው ሃያ ወሰዱ። ወተት የሚሸጡ ሴትዮ አሥራ ስድስት። ከዚያ ወደ ታች ችግኝ በመንገዱ ዳር የሚሸጥ ጎረምሳ ጋ ደረስኩ። በላስቲክ ፈንታ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ቢተክል እንደሚሻለው ሁለት ጊዜ አስረዳኝ። በሦስተኛው ስልሳ ሰጠሁት። ማዳበሪያው ቀለለኝ። ልቤ ነው የከበደኝ።

ጎተራ ግቢው ጋ የደረስኩት በአሥራ አንድ ፕላስቲክ ነው። ተቀባዩ ሰውዬ ማዳበሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ መንገዱን አየ። ሌላ የሚመጣ ካለ ብሎ መሰለኝ። ከዚያ አንዷን አነሳና ሥሯን ገለበጠ። ይሄ ምንድነው አለኝ። ቁጥር ነው አልኩት። ቀለም የነካው አንፈጭም፣ ሌላውን ያበላሻል አለ። ክዳኑም ለብቻ መሆን ነበረበት። ሰማያዊውም ከነጩ ጋር አይቀላቀልም። ደግሞ ሳይጨፈለቅ አየር ተሸክመህ መጣህ አለኝ። በመጨረሻ ስለ ማህተም ጠየቅኩት። እንደዚያ የሳቀ ሰው አይቼ አላውቅም። ሚዛን ነው ያለኝ ወንድሜ፣ ማህተም ከፈለግህ ቀበሌ ሂድ አለኝ።

ጋሽ ታደሰ ፕላስቲኩ እንዳይጠፋ የጻፉት ቁጥር ፕላስቲኩን ከመፍጫው አስመለሰው።

አሥራ አንዷን ተሸክሜ የጎተራ ድልድይ ላይ ቆምኩ። ከታች ቱቦው አፉን ከፍቷል። ማህተም የሚቀርጽ ልጅ አውቃለሁ፣ ለኔ ሲል ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ፕላስቲኩን ወደ ታች፣ ማህተሙን ወደ ደብተሩ፣ ከዚያ ሥራዬ። ማን ያያል? ስንት ሺህ ጥዬ ማን አየኝ?

አንዷን አወጣሁ። እጄ ወርውሮ ለምዷል፣ ራሱ ነው የተነሳው። ልለቃት ስል ሥሯ ላይ ያለውን ቁጥር አየሁት። ዘጠና አንድ። ደብተሩ ላይ ዘጠና አንድ አለች፣ ከጎኗ የኔ ፊርማ። ይቺ ነገር ተንሳፍፋ ተንሳፍፋ የሆነ ሰው ቤት ብትገባ ባለቤት አላት። ሳሙኤል የሚባል። እስከዛሬ የጣልኩት ሁሉ እንዲህ ስሜ ቢኖርበት አልኩ ለራሴ። አዲስ አበባ ላይ ከኔ የበለጠ ስሙ የተጻፈ ሰው አይኖርም ነበር፣ ከሐውልቶቹም በላይ። አፈርኩ። ድልድይ ላይ ብቻውን የሚያፍር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዞር ዞር ብዬ ማዳበሪያው ውስጥ መለስኳት።

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። የወሰደውን ሁሉ ላስፈርም። ችግኝ ሻጩ ፕላስቲኮቹን ለሁለት ቆርጧቸዋል። ለየትኛው ግማሽ ልፈርም ብሎ ተከራከረኝ። ቁጥሩ ላለበት አልኩት። የወተት ሴትዮዋ ፍርድ ቤት ልወስዳቸው መስሏቸው መጀመሪያ ተደበቁ። መካኒኮቹ የፈረሙት በቅባት ስለሆነ ፊርማው ከጀርባው ገጽ ላይ ጭምር ይነበባል። እትዬ ብርቄ አሻራቸውን በበርበሬ አደረጉ። የጠበሏን እናት ግን ኡራኤል ደጃፍ ብዞር ብዞር አጣኋቸው። ነጠላ የለበሰች እናት ኡራኤል ላይ ስንት አለች?

ቅዳሜ አይሱዙው ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ሰናይት ከላይ ሆና ፍራሽ ታስራለች። ጋሽ ታደሰ ባዶ ቤታቸው ውስጥ በቀረችው አንድ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ደብተሩን ሰጠኋቸው። አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው፣ ከድልድዩ በስተቀር። የቁጥሩን ነገር ስነግራቸው ብቻ ከፋቸው። «ቁጥር የሌለው ንብረት የማን ነው ሊባል ነው?» አሉ።

ከዚያ ደመሩ። የፈረመውን ደመሩ፣ የተመለሰውን ደመሩ። እንደገና ደመሩ።

«መቶ አሥራ ዘጠኝ» አሉ። «አንድ ይጎድላል።»

የጠበሏን ነገር ደገምኩላቸው። ስም የለ፣ ፊርማ የለ። ነጠላ ለብሰው ነበር አልኳቸው። ለራሴም ውሸት መሰለኝ። በቃ፣ ሥራው ሄደ አልኩ። አይሱዙው ጥሩምባ ነፋ። ጋሽ ታደሰ ብድግ ብለው ልጃቸውን ጠሩ።

«ሰናይት፣ ፈርሚለት።»

እሷም ደነገጠች፣ እኔም ደነገጥኩ። «አባዬ፣ ጎደለ አላልክም እንዴ?»

«ሠላሳ ዓመት አስረክቤአለሁ፣ ተረክቤአለሁ» አሉ። «አንድም ሳይጎድልበት፣ ሁሉም ልክ ሆኖ ያስረከበኝ ሌባ ብቻ ነው።»

ሰናይት ፈረመች። ሥራውን ያዝኩ። አሥራ አንዷ ፕላስቲክ በአይሱዙ፣ ከጋሽ ታደሰ ጭን ላይ፣ ወደ ጎተራ ሄደች። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ታደሰ ደወሉ። ውሃ አራተኛ ፎቅ የሚወጣው በሳምንት አንዴ ነው። ሲመጣ ማጠራቀሚያ የለም። አሥራ አንዷ ወዲያው ሞላች። ሰናይት ራሷ፣ እነዚያ ፕላስቲኮች የት ደረሱ እያለች ነው። ደብተሩን ላኩልኝ፣ ከፈራሚዎቹ ሰብስቤ እንድመልስ።

ሄድኩ። እትዬ ብርቄ እስከ አንገቷ ዘይት የሞላች ሃይላንድ ከመደርደሪያ አንስተው፣ «ዘይቱን የት ላድርገው? አፌ ውስጥ ልገልብጠው ወይ?» አሉኝ። መካኒኮቹ ጥቁር ዘይታቸውን አሳዩኝ። የወተቶቹ ለየደንበኛው ተበትነዋል። ችግኝ ሻጩ ጋ ቁጥር ሠላሳ አራት ላይ ጽጌረዳ ተተክሎበታል።

ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ። ጋሼ፣ ካዛንቺስ ውስጥ ባዶ ሃይላንድ የለም አልኳቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በጽሑፍ አቅርብ» አሉኝ።

ይኸው አቀረብኩ።